የሚዘለሉ ቃላት ዝርዝር

ማክሰኞ፣ የካቲት 18 ቀን
ከካርድ ክፍሉ፣ በምሳ ሰዓት

ለባለቤቴ፤

ይህቺን አንዲት ቃል ለመጻፍ ሦስት ወረቀት አበላሽቻለሁ። በመጀመሪያው ላይ «ለውዱ» ብዬ ጀመርኩና ቀደድኩት። በሁለተኛው ላይ የጻፍኩትን አልነግርህም፤ ፖስታ ቤት የሚሠሩት ሰዎች ልጆች አሏቸው። በመጨረሻ በሕግ የሆንከውን ጻፍኩ። የፈረምነው ወረቀት እስካሁን ስላልተቀደደ ባለቤቴ ነህ።

ጤናህን የምጠይቅህ ከልቤ ነው። ራስህን እንኳ እንዳያምህ እፈልጋለሁ፤ የምነግርህን ሁሉ በሙሉ ጤንነት እንድትሰማው። ስልክ ያልደወልኩት ስናደድ ስለምዘጋው ነው፤ ደብዳቤ ግን ጆሮ ላይ አይዘጋም። አድራሻህን የሰጠችኝ ልጅህ ናት። «እማ፣ እባክሽ በደግ ጻፊለት» ብላኛለች። በደግ ጽፌልህ ነበር፤ የቀደድኩት እሱን ነው።

እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ።

መጽሐፉ ሊታተም ነው። አዎ፣ ያ መጽሐፍ። ስለ ውሃና ስለ አፈር የተጻፈውን ሁሉ፣ ማን እንደጻፈው፣ መቼ እንደጻፈው፣ በስንተኛው ገጽ ላይ ምን እንዳለ የሚናገረው የዋቢ ጽሑፎች ዝርዝራችን። ሠላሳ አንድ ዓመት ያነበብኩለት። ሃያ አምስቱን አንተ ፊት ለፊቴ ተቀምጠህ ያረምክልኝ፣ ስድስቱን ደግሞ ወንበርህ ላይ ኮቴን እያንጠለጠልኩ ብቻዬን የሠራሁት። ተቋሙ በመጨረሻ «ይታተም» ብሎ ፈረመ። የሰማሁ ዕለት ደስታዬን የምነግረው ሰው አጥቼ ለዘበኛው ነገርኩት። «እንኳን ደስ አለሽ እህቴ፣ ወንድ ነው ሴት?» አለኝ፤ ልጃችን የወለደች መስሎት።

አዲስ ኃላፊ መጥቶልናል። አንተ አታውቀውም። እኔ ክራባት እለዋለሁ፤ ከአንገቱ በላይ ያለውን የማስታውስበት ምክንያት ስላጣሁ። መምሪያውን ከያዘ አሥራ አራት ወሩ ነው። በአሥራ አራት ወር ውስጥ ካርድ ክፍሉ የገባው ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዴ ሽንት ቤት መስሎት፣ አንዴ ደግሞ መሳቢያዎቹ ምን ያህል ቦታ እንደሚይዙ ለመለካት። ባለፈው ወር የመጽሐፉ ሽፋን ናሙና ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ አገኘሁ። «አዘጋጅ» ከሚለው ሥር የእሱ ስም ከነማዕረጉ ተንጋሎ ተኝቷል። የእኔን ፈለግኩ። ፊት ለፊት የለም፣ ጀርባው ላይ የለም። የምስጋናው ገጽ ላይ «ለመምሪያው ሠራተኞች በሙሉ» ይላል። በሙሉ ውስጥ አለሁ እንግዲህ፣ ከዘበኛውና ከአትክልተኛው ጋር። ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ፤ ግን አንዳቸውም ስለ አሲዳማ አፈር አላነበቡም።

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። ናሙናውን ይዤ ቢሮው ገባሁ።

«እዚህ ላይ የእኔ ስም ይገባል» አልኩት።

«በምን ማስረጃ?»

«በሠላሳ አንድ ዓመት።»

«ዓመት ማስረጃ አይሆንም፣ እሜቴ» አለኝ፤ ፈገግ ብሎ። «ሥራው ሁሉ ኮምፒውተር ላይ አለ አይደል የሚሉት? ኮሚቴው ፊት እንጠይቀዋለን። ማሽን አይዋሽም።»

እኔ ሞኟ ደስ አለኝ! በገዛ እግሩ ወጥመዴ ውስጥ የገባ መሰለኝ። ምክንያቱም ያኔ ሥራ ስንጀምር አሮጌው ኃላፊያችን «ሙሉ ስም ካርድ ያባክናል» ብሎ ቅጽል ስም ያወጣልንን ታስታውሳለህ። ከመሬት ብዙም ከፍ ስለማልልና እጄ ስለማያርፍ እኔን ጉንዳን አለኝ። አንተን፣ መሰላል ሳትወጣ የላይኛው መደርደሪያ ላይ ስለምትደርስ፣ ቀጭኔ አለህ። ሕጉም አንድ ነበር፤ ያነበበ ራሱን አያርምም። ስለዚህ አንድ ጽሑፍ በምንመዘግብበት በእያንዳንዱ ካርድ ግርጌ ሁለት መስመር አለ፤ አንባቢ እገሌ፣ አራሚ እገሌ። እኔ ያነበብኩትን አንተ፣ አንተ ያነበብከውን እኔ። አንተ እዚህ እያለህ አንድም ቀን አንዲት ካርድ ሁለታችንንም ሳትይዝ መሳቢያ አልገባችም።

ኋላም ካርዶቹን ወደ ኮምፒውተር ስናስገባ፣ እኔ እያነበብኩልህ አንተ እየተየብክ ሁለት ዓመት ስንለፋ፣ ያቺን ግርጌ አልተውናትም። ሁሉንም በአንድ ረጅም ፋይል ጻፍነው። ከዚያ ያንን ሥዕል የሌለው፣ ጥቁር ስክሪን ላይ ትእዛዝ እየተጻፈለት የሚሠራ መሣሪያህን አመጣህ። «ይሄ ነገር ተበላሽቶ ነው ወይስ አመሉ ነው?» ብዬ ስቄብህ ነበር። በአንደኛው ትእዛዝ ፋይሉን ከዳር እስከ ዳር ያነብና የቃላቱን ማውጫ ይሠራል። በሁለተኛው ትእዛዝ አንድ ቃል ስትሰጠው፣ ከሺዎቹ መሃል ያ ቃል ያለባቸውን መዝገቦች ዓይንህን ጨፍነህ ሳትገልጥ ያወጣልሃል። የጻፍክልኝ ወረቀት እስካሁን ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ነው፤ «ፋይሉን ከነካሽ ማውጫውን እንደገና ሥሪው። ካልሠራሽው አዲሱን አያውቀውም።» ፕላስተሩ ሦስት ጊዜ ለቆ ሦስት ጊዜ ለጥፌዋለሁ። ትእዛዙን በቃሌ ካወቅኩት ስድስት ዓመት ሆኖኛል።

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ተሰበሰብን። ክራባት፣ ሦስት የኮሚቴ አባላት፣ ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ጸሐፊ፣ እኔ። የኮምፒውተሩን ስክሪን ግድግዳው ላይ አበሩት። ክራባት ራሱ ኪቦርዱ ላይ ተቀመጠ፣ እጅጌውን ሰብስቦ።

«ቅጽል ስምዎን ማን ነበር ያሉኝ?»

«ጉንዳን።»

ከአባላቱ አንዱ ሳቀ። ክራባት ተየበ፣ ኢንተር መታ።

ምንም የለም።

አንተ ታውቀዋለህ፤ ያ መሣሪያህ ሲያጣ «ይቅርታ» አይልም፣ «አልተገኘም» አይልም። ዝም ብሎ ወደሚቀጥለው መስመር ይወርዳል፣ በቃ። ግድግዳውን የሚያህል ጥቁር ነገር ላይ አንዲት ትንሽ ነጭ መስመር ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም ትላለች። «ይድገሙት» አልኩ። ደገመው። ብልጭ ድርግም።

«ምናልባት ጉንዳኗ ጉድጓዷ ገብታ ይሆናላ!» አለ ክራባት። አሁን ሦስቱም ሳቁ። ጸሐፊዋ ብቻ አቀርቅራ ወረቀቷን አየች።

ቀጥሎ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የራሱን ስም ተየበ። አንድ መዝገብ ወጣ! ስለ እርከን ሥራ የጻፋት ትንሽ ጽሑፍ። «እኔ እንኳ አንድ ጊዜ አለሁ» አለ። ያቺን መዝገብ ያስገባኋት እኔ ነኝ። አሥራ ሁለት ገጽ ናት፣ ሦስቱ ሥዕል ነው፣ የገጽ ቁጥሯንም ራሱ ተሳስቶ እኔ ነኝ ያስተካከልኩለት። ግርጌዋ ላይ «አንባቢ ጉንዳን» ይላል። ነገር ግን አንተ መሣሪያውን ስታበጀው ደራሲ፣ ርዕስና ዓመት ብቻ እንዲያሳይ አድርገህ ስለሄድክ፣ ግርጌው ግድግዳው ላይ አይታይም።

ለምን «ፋይሉን ክፈቱት» አላልሽም ትለኝ ይሆናል።   የሚያንገበግበኝን ልንገርህ፤ ለአንዲት አፍታ ማሽኑን አመንኩት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የት ነበርኩ ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። ሰው ፊት ያፈርኩበት ያልፍልኛል፤ ለዚህች አፍታ ግን ማን እንደሚከፍለኝ አላውቅም። ኮሚቴው ሽፋኑ እንዳለ እንዲታተም ወሰነና ሻይ ሊጠጣ ወጣ።

ክፍሌ ተመለስኩ። ኮቴን እንኳ ሳላወልቅ «አፈር» ብዬ ብጠይቀው ከአራት ሺህ በላይ አዘነበልኝ። «ጉንዳን» ስለው ዝም። «ቀጭኔ» ስለው ዝም። ፋይሉን ራሱን ከፍቼ ሳየው አለሁ፤ በየመዝገቡ ግርጌ ተቀምጫለሁ። ማውጫው አርጅቶ ይሆናል ብዬ በትእዛዝህ መሠረት እንደገና ሠራሁት። አሁንም ዝም። ያኔ ነው ከጠረጴዛህ መሳቢያ ያንን በእርሳስ የሞነጫጨርክበትን የመሣሪያውን መመሪያ ያወጣሁት። አርብን ሙሉ፣ ቅዳሜን እስከ ቀትር አነበብኩት። ሰባ ሦስተኛው ገጽ ላይ ደረስኩ። መሣሪያው ማውጫ ሲሠራ ዘልሏቸው የሚያልፋቸው፣ የትም የሚገኙ ተራ ቃላት በአንድ ትንሽ ፋይል ውስጥ ይዘረዘራሉ ይላል። ጎኑ ላይ በእርሳስህ «የእኛንም ሠርቻለሁ» ብለሃል።

ከፈትኩት። ስሙን «የሚዘለሉ ቃላት» ብለኸዋል። «እና» አለ። «ወይም» አለ። «ነው»፣ «ነበር»፣ «ስለ»፣ «እንደ»፣ «ግን»። ወደ ታች ወረድኩ። መቶ ሠላሳ አንደኛው መስመር ላይ ጉንዳን። መቶ ሠላሳ ሁለተኛው ላይ ቀጭኔ። ፋይሉ ለመጨረሻ ጊዜ የተነካበትን ቀን አየሁ፤ ከመሄድህ ዐሥር ቀን በፊት ነው። ሻንጣ የገዛህ ሳምንት!

እሳት ለብሼ እሳት ጎረስኩ። ሃያ አምስት ዓመት አብሬህ ኖሬ፣ ልጅ ወልጄልህ፣ ሳል ሲይዝህ ሌሊት ነቅቼ፣ ከ«ወይም» ጋር ደረደርከኝ? «ግን» ጎረቤቴ ሆነ? ወንበሩን በእግሬ ብለው ወንበሩ ቆሞ እግሬ አበጠ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲባል እሰማ ነበር። ያንተ ግን ይለያል፤ አንተ ለጅቡ በሩን ከፍተህለት ነው የሄድከው።

ትክክል መሆንህን አውቃለሁ። እሱ ነው እኮ የባሰ የሚያበግነኝ! ሁሉም መዝገብ ላይ ያለ ቃል አንዱን መዝገብ ከሌላው አይለይም፤ ማውጫውን ያወፍራል እንጂ ምንም አይፈይድም። እኔም ብሆን እንዲሁ አደርግ ነበር። ግን ይነገራላ! «አንቺ፣ እኔና አንቺን ከማውጫው አውጥቼናል» ማለት ስንት ቃል ነው? ሻንጣህን ስታዘጋጅ ዐሥር ቀን ሙሉ ዝም አልክ። እኔ ሸሚዝህን ስተኩስ ዝም አልክ። በር ላይ ቆመህ የነገርከኝ የውሃ ቧንቧው እንደሚያንጠባጥብ ነው። እሱንማ አውቅ ነበር።

እሺ፣ በሄድክ በመጀመሪያው ወር ደውለህ «ስለ ዝርዝሩ አንድ ነገር ሳልነግርሽ...» ስትል ጆሮህ ላይ ዘግቼብሃለሁ። እሱንም ጻፍኩት። እኔ የተዛባ መዝገብ አልጽፍም። «አብረን እንሂድ» ስትለኝ «ካርዶቹን ለማን ጥዬ?» ማለቴንም አልረሳሁም። ያኔ ፊትህ ምን እንደመሰለም አልረሳሁም። ነገር ግን «አንድ ዓመት ብቻ ነው» ያልከኝ አንተ ነህ። አንድ ያልከው ስድስት ሆነ። ቁጥር የምታርም ሰው ነበርክ እኮ!

ሰኞ ጠዋት ከሁሉ ቀድሜ ገባሁ። መቶ ሠላሳ አንደኛውን መስመር አጠፋሁ። ማውጫውን እንደገና ሠራሁና «ጉንዳን» ብዬ ጠየቅኩ። ስክሪኑ መውረድ ጀመረ። ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ አላቆም አለኝ። እያንዳንዱን ርዕስ አውቀዋለሁ። ያ ስለ ጉድጓድ ውሃ ጨዋማነት፣ ያ ሁለት ጊዜ በተለያየ ስም የታተመው፣ ያ አንተ ቡና አፍስሰህበት የተጣላንበት። ሲያበቃ ዘጠኝ ሺህ ሦስት መቶ ዘጠና ሦስት ይላል። አላለቀስኩም። አፍንጫዬ ትንሽ አስቸግሮኝ ነበር፣ ክፍሉ አቧራ አለበት።

ጸሐፊዋን ለምኜ ኮሚቴውን ረቡዕ እንደገና አስጠራሁት። ግድግዳው ላይ ሞላሁላቸው። ክራባት ከወንበሩ ተነሳ።

«ነክተውታል! ባለፈው ባዶ ነበር።»

«ነክቼዋለሁ» አልኩት። ስለ ዝርዝሩ አስረዳኋቸው። ሰሙኝ፣ ግን ዓይናቸው አላመነኝም።

«ይሄ ተረት ነው» አለ ክራባት። «ዛሬ ጉንዳን የጨመረ ሰው ነገ ዝሆን ይጨምራል።»

«ማሽን አይዋሽም ያሉት እርስዎ አልነበሩም? በሉ ማሽኑን ተዉት፤ ተነሡ!» አልኳቸው። እንዴት እንዳልኩት እንጃ፣ ሁሉም ተነሡ። ኮሪደሩን አሻግሬ ካርድ ክፍሉ አስገባኋቸው። «የፈለጋችሁትን መሳቢያ ሳቡ።» ጸሐፊዋ አንዱን ሳበች፣ ካርድ መዘዘች፣ ጮክ ብላ አነበበች። «አንባቢ ጉንዳን፣ አራሚ ቀጭኔ።» ከሌላ መሳቢያ መዘዘች። «አንባቢ ቀጭኔ፣ አራሚ ጉንዳን።» በሠላሳ ዓመት ያልተለወጠ የእጅ ጽሑፌን ከፈረምኩት የመገኘት መዝገብ ጋር አስተያየችው። ከአባላቱ አንዱ፣ ያ መጀመሪያ የሳቀው፣ አምስት መሳቢያ ከፈተና አቧራውን ሱሪው ላይ ጠርጎ «በቃ እኮ ነው» አለ። ስሜ ሽፋኑ ላይ እንዲገባ እዚያው ቆመን ተስማሙ። ደስ ብሎኝ ልጨርስ ስል ክራባት ራሱ አጎንብሶ የታችኛውን መሳቢያ ሳበ።

«አንባቢ ጉንዳን፣ አራሚ...» አለና ቆመ። ሌላ መዘዘ። ሌላ። ፊቱ ሲበራ አየሁት። «ይሄ አልታረመም! ይሄም አልታረመም!»

ያ የታችኛው መሳቢያ ያለፉት ስድስት ዓመታት ነው። አንባቢ የሚለውን ሞልቼ፣ አራሚ የሚለውን ጽፌ ባዶ ትቼዋለሁ። ራሴን አላርምም፤ ሌላ ሰው ደግሞ አላስቀመጥኩም።

«ስንት ናቸው?» አለኝ።

«አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ሁለት።»

«የታረሙትስ?» አለች ጸሐፊዋ፣ ለቃለ ጉባኤው።

«ቀጭኔ ያለባቸው ሰባት ሺህ አራት መቶ ሠላሳ አንድ።»

«ማሽኑ ነው የነገረዎት?»

«ማሽኑ አያውቅም። እሱ እስካሁን ከሚዘለሉት ጋር ነው። በእጄ ቆጥሬያቸዋለሁ።»

መቼ እንደቆጠርኩ አልጠየቀችኝም። አንተም እንዳትጠይቀኝ። ምሳ ሰዓት ረጅም ነው፤ ሰው ብቻውን ሲበላ ቶሎ ይጨርሳል።

ክራባት ክራባቱን አስተካከለ። «እንግዲህ ያልታረመ ነገር አይታተምም። ችግር የለም፣ እኔ በአራሚነት እፈርምባቸዋለሁ። በአንድ ቀን ይጨረሳል። ስሜ ከእሳቸው ስም ሥር ይገባል።» በአንድ ቀን! ሁለት ሺህ ካርድ! አንዱንም መጽሐፍ ሳይገልጥ! አባላቱ ተያዩ፤ መገላገል የፈለጉ ይመስላሉ። ጸሐፊዋ እስክሪብቶዋን አንሥታ እኔን አየችኝ።

«አያስፈልግም» አልኩ። «አራሚው አለ።»

«የት ነው ያለው?»

«አርፍዷል።»

ይሄን ጊዜ የሳቀ የለም። «ብዙ?» አለች ጸሐፊዋ፣ ቀስ ብላ።

«ትንሽ» አልኩ።

እስከ ግንቦት መጨረሻ ሰጡን። እስከዚያ ካልታረሙ ወይ ክራባት ይፈርማል፣ ወይ ስድስት ዓመቴ ተቆርጦ ይጣላል። የጻፍኩልህ ለዚህ ነው፤ ናፍቄህ እንዳይመስልህ።

«ፋይሉን በኢሜይል ላኪልኝ፣ እዚሁ ሆኜ አየዋለሁ» እንዳትለኝ፣ ደሜ እንዳይፈላ። ማረም ማለት ካርዱንና መጽሐፉን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ነው ያልከኝ አንተ ነህ። መጻሕፍቱ እዚህ ናቸው፣ የላይኛው መደርደሪያ ላይ። መሰላሉ ከተሰበረ ሁለት ዓመቱ ነው፣ እኔ ወንበር ላይ ወንበር ደርቤ ነው የማወርዳቸው። ካርዶቹን ለየብቻ አስሬ በሃያ ሳጥን ደርድሬያቸዋለሁ። ቀይ እርሳስ አራት ቀርጫለሁ። ኮቴን ከወንበርህ ላይ አንሥቼ ምስማር ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ ጽዳት ስለነበር ነው። ቧንቧው አሁንም ያንጠባጥባል።

ዝርዝሩን እንደነገርኩህ ከፍቼ የራሴን ብቻ ነው ያጠፋሁት። አሁን ከ«እና» እና ከ«ወይም» ጋር ብቻህን ቀርተሃል። ያንተን ማጥፋት አንድ ጣት መጫን ነበር፤ እምቢ አልኩ። ያስገባኸው አንተ ነህ፣ መጥተህ አንተው አውጣው። ከዚያ ማውጫውን እንደገና እንሠራዋለን። ትሠራዋለህ ለማለት ነው።

አሁንም ተናድጃለሁ። ስትመጣም ተናድጄ ነው የምጠብቅህ፣ ይሄን ከወዲሁ እወቀው። ልጅህ ሰላም ብላሃለች። ፈጣሪ ዕድሜና ጤና ይስጥህ፣ ዓይንህን አደራ ይጠብቅልህ፤ ያለ ዓይን አራሚ የለምና። መንገዱንም ያቅናልህ። እሱ ካቀናልህ በኋላ እግርህን ማንቀሳቀስ ያንተ ፋንታ ነው።

አንባቢ፦ ጉንዳን
አራሚ፦